ለአያቴ ታሪክ ጣልያን ልሄድ ነው፦ ዘመድ ቤት ልረፍ ወይስ ክፍል ልከራይ?

የለገጣፎዋ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ዘመዱም ጎረቤቱም የየራሱን እየነገረኝ ግራ ስለገባኝ ወደ እናንተ መጣሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡና ቀድታችሁ አንብቡልኝ።

የአባቴ አባት ፊታውራሪ ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከታፈሱት መኳንንት ጋር ተይዘው ወደ ጣልያን ተጋዙ። ይህን ቤተሰባችን በሙሉ ያውቀዋል። የት ቦታ፣ ከማን ጋር፣ እንዴት እንደኖሩ ግን የሚያውቅ የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሰዋል፤ ስለዚያ ጊዜ ግን ትንፍሽ አይሉም ነበር። አባቴ ልጅ ሆኖ ሲጠይቃቸው "ዙሪያው ውሃ ነው" ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፈ በኋላ ሣጥኑን ስናገላብጥ አንድ ፎቶ አገኘን። መዳፍ የምታክል ናት። ጋቢና ካባ የለበሱ ሰዎች አንድ ነጭ ግንብ ፊት ቆመዋል። አንዱ ጃንጥላ ዘርግቷል። አንዱ ባዶ እግሩን ነው። ከኋላቸው ባሕር ይታያል። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ፣ በላቲን ፊደል፣ "አዚናራ" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው የፈረንጅ ዓመት 1937 ይሁን 1938 በአጉሊ መነጽርም አልለየሁትም። አያቴ ከግራ ሁለተኛው ናቸው። ያወቅናቸው በጆሯቸው ነው። ወንድሜም እንደሳቸው ነው፤ በር ሲገባ ጆሮው ይቀድመዋል።

አዚናራ በሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለች ደሴት ነች። ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴም ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ታስረው ነበር። እሳቸው በ1933 ዓ.ም. ቱሪን ከተማ አርፈው እዚያው ቀሩ። ደሴቲቱ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ሳይብስ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ልጄም ትኬቱን እኔ እችላለሁ አለች። ሐሳቤ በግንቦት ሮም ገብቼ መዝገብ ማየት፣ ከዚያ ደሴቲቱን ረግጬ መመለስ ነው። ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።

ጭንቁ ማረፊያው ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ላዲስፖሊ ትኖራለች። ከሮም ወጣ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ነች። ክፍል ልከራይ አስቤያለሁ ስላት ስልኩ ጭር አለ። ከዚያ "እኔ እዚህ እያለሁ ሆቴል ልታድሪ? ሰው ምን ይለኛል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እላለሁ። ግን ቤቷ ሁለት መኝታ ነው፣ ሦስት ልጆች አሏት። እኔ ስመጣ ልጆቹ ሶፋ ላይ ሊተኙ ነው። ባሏ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን ይተኛል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ወረቀቴን ዘርግቼ ቀን ያየሁትን ደብተር ላይ ካልገለበጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሰው ቤት መብራት አብርቶ እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጥ ይከብዳል።

ሌላው መንገዱ ነው። ዳር ከተማ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። ከለገጣፎ 6 ኪሎ ሄጄ አንድ ወረቀት ለማስፈረም ጠዋት 12 ሰዓት ሰልፍ ላይ ነኝ። ካራ ላይ መንገዱ ይዘጋጋል። መገናኛ ስደርስ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀኛል። ቢሮው በር ላይ ስቆም ሰውዬው ሻይ ወጥቷል። ስመለስ መሽቷል፣ ቀኑ አልቋል። ሮም ሄጄም ያንኑ ልድገመው?

ደግሞ ለቪዛው የማረፊያ ማስረጃ ይፈለጋል። በኢንተርኔት ክፍል ልያዝ ስል የካርድ ቁጥር አስገቢ ይለኛል። ባንክ ስሄድ ቪዛና ትኬት አምጪ ይሉኛል። ለቪዛው ስሄድ ማረፊያ አምጪ ይሉኛል። ይህ ዙር የት ጋ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ደሴቲቱ ላይስ ማደር ይቻላል ወይ? የምሄደው ብቻዬን ነው። እንግሊዝኛ እሞክራለሁ። ጣልያንኛዬ ከጋራዥና ከወጥ ቤት አያልፍም።

ጣፎ አደባባይ

እትዬ፣ ለካ ጎረቤት ነን! እኔ በበኩሌ ዘመድ እያለ ክፍል መከራየት ነውር ነው ባይ ነኝ። ልጆቹ ሶፋ ላይ ቢተኙ ምን ይሆናሉ? እኛስ መሬት ላይ ተደርድረን አይደል እንዴ ያደግነው? በዚያ ላይ ዩሮ ነው። የአንድ አዳሩ ሂሳብ እዚህ የወር አስቤዛ ይሸፍናል።

እሱ ካልሆነ ደግሞ ቫቲካን ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። የአገር ልጅ ነኝ፣ የአርበኛ ልጅ ነኝ ካሏቸው አያስወጡዎትም። እዚያ ይጠይቁ።

ተርሚኒ አካባቢ

እትዬ፣ እኔ አየር ጤና ያደግኩ፣ ሮም ከገባሁ ብዙ ዓመት የሆነኝ ነኝ። ጣፎ አደባባይ፣ አትቀየመኝ እንጂ ኮሌጁን እርሱት። እውነት ነው፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። ግን የካቶሊክ ካህናት እየተማሩ የሚኖሩበት ነው እንጂ እንግዳ ማረፊያ አይደለም። በሩን የሚጠብቀው የስዊስ ዘብ ነው። ሻንጣ ይዘው ቢሄዱ እዚያው አደባባዩ ላይ ነው የሚቀሩት። ወሬው የመጣው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይመስለኛል። እሱም እዚያው ነው፤ ድሮ ከአገራችን በእግር የሚመጡ መነኮሳት ያርፉበት ነበር። ድሮ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአክስትዎን ልጅ አያስቀይሟት፣ ግን ሁሉንም ሌሊት እሷ ቤት አይደሩ። የሥራውን ቀን ሮም፣ የሳምንቱን መጨረሻ ላዲስፖሊ ያድርጉት። ለምን መሰለዎት? ወደ ሰርዲኒያ የሚሄደው መርከብ የሚነሣው ከቺቪታቬኪያ ነው። ቺቪታቬኪያ ደግሞ በላዲስፖሊ በኩል በሚያልፈው ባቡር መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ እሷ ቤት ሰንብተው፣ አብረው በልተው፣ ማታ ባቡር ላይ ታሳፍርዎታለች። ከመንገድ መውጣትም የለ፣ መቀያየምም የለ። ለእሷም ሲነግሯት "የምታሳፍሪኝ አንቺ ነሽ" ይበሏት።

ሮም ውስጥ የት? ሁሉም ሰው ተርሚኒ ይልዎታል፤ እኔም ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ጣቢያው ፊት ያለው ሜዳ ስሙ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ነው። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የጨረሱት ጦር መታሰቢያ ነው። የአበሻ ምግብ ቤቱም፣ እንጀራ የሚሸጠው ሱቅም በዚያው ዙሪያ ስለሆነ መምጣትዎ አይቀርም። ለማደር ግን ጫጫታ ነው፣ ማታ ለብቻዎ አልወድልዎትም።

እኔ የምመክርዎት ኦስቲየንሴ ነው፤ ፒራሚዴ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ። ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ኤፍ ኤል 1 ባቡር በ8 ዩሮ ቀጥታ ኦስቲየንሴ ያደርስዎታል። ወደ ተርሚኒ የሚሄደው ፈጣኑ 14 ዩሮ ነው። የላዲስፖሊም ባቡር፣ ኤፍ ኤል 5 የሚሉት፣ ኦስቲየንሴ ይቆማል። የመንግሥት ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ያለው ደግሞ ኤውር ሰፈር ስለሆነ ከፒራሚዴ በሜትሮ ቢ ሳይቀይሩ ይደርሳሉ። በተቃራኒው አቅጣጫ አንዲት ፌርማታ ቢሄዱ ቺርኮ ማሲሞ ነው። የአክሱም ሐውልት ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የቆመው እዚያ ነበር። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንፃ አሁን የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ነው እንጂ ሥራው የተጀመረው ለጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነው። አያትዎን የመሰሉ ሰዎችን ወረቀት ያንቀሳቅስ የነበረው መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ለብቻዋ ለምትመጣ እናት የመነኮሳይት ቤት የሚባለውን እመርጣለሁ። ገዳማት የሚያከራዩት ንጹሕ፣ ያልተጋነነ ክፍል ነው፣ ቁርስ አለው። ሃይማኖት አይጠይቁዎትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ማታ በር ይዘጋሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ። እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ይሄዳሉ? ችግሩ ወጥ ቤት የላቸውም። የሐዋርያት ፆም ከደረሰብዎት ማብሰያ ያለው ክፍል ይሻልዎታል። ምስርና ሩዝ የትም ሱቅ አለ።

ክፍል ከተከራዩ ግን ጉልበትዎን ያስቡ። የሮም አሮጌ ሕንፃ ደረጃው አያልቅም። "አሸንሶሬ (አሳንሰር) አለ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። አለ ሲሉዎትም ብዙውን ጊዜ እርስዎና ሻንጣዎ አብራችሁ የማትገቡበት ሣጥን ነው። ቁልፉ ሦስት ይሆናል፦ የመንገዱ በር፣ የፎቁ በር፣ የክፍልዎ። ሲረከቡ አከራዩ ቆሞ እያየ ሦስቱንም ራስዎ ከፍተው ዘግተው ይሞክሩ። ማታ በጨለማ የመንገዱን በር ቁልፍ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ እንደሚዞር ከመገመት ያድንዎታል።

ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ለእንግዳ የሚከራይ ክፍል "ቺን" የሚሉት አገር አቀፍ የመለያ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ማውጣት ግዴታው ነው። ቁጥር ከሌለው ይለፉት። የከተማ ቀረጥ ደግሞ በሰው በአዳር ለብቻው ይከፈላል፣ ኢንተርኔት ላይ ካዩት ዋጋ ውጭ ነው። ሮም ውስጥ የሚቆጠረው እስከ 10 ሌሊት ነው።

የአክስትዎ ልጅም የምታውቀው ይመስለኛል፣ ግን ያስታውሷት፦ የውጭ አገር ሰው ቤቱ ያሳደረ፣ ዘመዱ ቢሆንም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። ሆቴል ከሆነ ይህን ራሳቸው ይጨርሳሉ።

ሰበታ መውጫ

እህቴ፣ እኔ ለእናቴ አባት ብዬ ሄጄ የመጣሁ ነኝ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርዎት። ከላይ ያለችው እህታችን ስለ ሰፈሩ ጥሩ ብላለች፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልቀጥል።

የዙሩ ነገር እኔንም አዙሮኛል። የሚቆረጠው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ሮም ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ በእርስዎ ስም ይያዝልዎታል፣ ክፍያው ሲደርሱ የሚሆነውንና በነፃ የሚሰረዘውን ይመርጣል። ማረጋገጫው ላይ ስምዎ ልክ እንደ ፓስፖርቱ መጻፉን ይዩ፤ የአያት ስም ሳይቀር። ሁለተኛው፣ ለትንንሽ ማረፊያዎችና ለመነኮሳይቱ ቤት በቀጥታ ኢሜይል መጻፍ ነው። በዚህ ቀን ገብቼ በዚህ ቀን እወጣለሁ፣ ለቪዛ የሚሆን የማረጋገጫ ደብዳቤ ላኩልኝ ይበሏቸው። ለእኔ ካርድ ሳይጠይቁ ልከውልኛል። በጣልያንኛ ቢጻፍ መልሱ ይፈጥናል፤ የአክስትዎ ልጅ ትጻፍልዎት፣ ኩርፊያዋም በዚያው ይለቃታል።

ዋናው ነገር እያንዳንዷ ሌሊት ባለቤት ይኑራት። ሮም ይህን ያህል ሌሊት፣ ዘመድ ቤት ይህን ያህል፣ መርከብ ላይ አንድ፣ ሰርዲኒያ ይህን ያህል ብለው በአንድ ገጽ ይጻፉት። ለዘመድ ቤቱ ሌሊት የእሷ የተፈረመ የጥሪ ደብዳቤና የመታወቂያዋ ኮፒ ይያያዛል። መሐል ላይ ማደሪያ የሌላት ሌሊት ካለች ጥያቄ ታስነሣለች። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የመወሰኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አርዝሞታል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል ለግንቦት ከሆነ ከገና በኋላ አይቆዩ።

አንድ ክፍል ግን አስለቅሶኛል። ፎቶው ላይ ጠረጴዛ፣ መስኮት፣ ነጭ መጋረጃ ነበረው። አከራዩ ቀድሞ የነገረኝን አድራሻ ስደርስ ቀይሮ ሌላ ሕንፃ ወሰደኝ። ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከፍታው ጣሪያው ጋ ነው፤ የመንገደኛ ጫማ ብቻ ይታያል። ጠረጴዛ የለም። ወረቀቴን ሻንጣዬ ላይ ዘርግቼ ነበር የምጽፈው። ክፍል በሚያዝበት ድረ ገጽ በኩል ስላልከፈልኩት ገንዘቤንም አልመለሰልኝም፤ ቀድሞ በሐዋላ ላክ ብሎኝ ነበር። ከድረ ገጹ ውጭ ክፈሉ የሚል ሰው ሲገጥምዎት ስልኩን ይዝጉት። ጠረጴዛና መብራት አለ ወይ ብለውም ይጠይቁ። ለቱሪስት አልጋ ይበቃዋል፤ ለእርስዎ አይበቃም።

ሌላ ምክር፦ ክፍል ከመያዝዎ በፊት ለቤተ መዛግብቱ ይጻፉ። የሚፈልጉት ፋይል የት እንዳለ ሳያውቁ ሰፈር መምረጥ አይቻልም። "ጣልያን አገር ታሰሩ" ሲባል አንዳንዱ ቤተሰብ ሞቃዲሾ አጠገብ ያለውን ዳናኔን፣ ወይም በዳህላክ ደሴቶች ያለችውን ኖክራን ማለቱ ነው። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ሮም ድረስ መጥተው ሲደክሙ አይቻለሁ። እርስዎ ፎቶ ስላለዎት በዚህ በኩል ዕድለኛ ነዎት።

ቡራዩ ኬላ

ሰላም እማማ። ታሪክ ነው የማጠናው፣ ትንሽ ልጨምር። (ከቡራዩ 6 ኪሎ መመላለስ ምን እንደሚመስል ለእኔም አይነገረኝም።)

ሮም ላይ የሚያስፈልግዎት ሁለት ቦታ ነው እንጂ አንድ አይደለም። አንዱ ኤውር ያለው ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ የግራዚያኒ ወረቀቶች እዚያ ናቸው። ሌላው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የታሪክ መዝገብ ቤት ነው። የድሮው የጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ፋይሎች የተቀመጡት በዚህኛው ነው። እሱ ፋርኔዚና በሚባለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ላይ። ከፒራሚዴ በሜትሮ ቢ ተርሚኒ፣ ከዚያ በሜትሮ ኤ ፍላሚኒዮ፣ ከዚያ በትራም ነው የሚኬደው። አንድ ሰዓት ገደማ ይያዙለት። በቀጠሮ ነው የሚገባው። በቀን የሚታዘዘው ፋይል ቁጥርም የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ማልዶ የደረሰ ነው ቀኑን የሚጠቀመው። የማረፊያው ቅርበት ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ጣፎ አደባባይ ይስማኝ!

በግንቦት መሄድዎ ጥሩ ነው። የእነሱ ኦገስት፣ የእኛ ሐምሌ ማለቂያና ነሐሴ፣ ሮም ይነድዳል። ሠራተኛው እረፍት ይወጣል፣ መዝገብ ቤቱም ሰዓቱን ይቀንሳል ወይም ይዘጋል።

ከመሄድዎ በፊት ግን እዚሁ 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን፣ ከዚያ ወመዘክርን ይጎብኙ። ከሳቸው ጋር የተጋዙትን ሰዎች ስም ይዘው ቢሄዱ ፍለጋው ይቀላል። የአያትዎን ስም ጣልያኖቹ በሰሙት ልክ ነው የጻፉት። ስለዚህ በሦስት በአራት ዓይነት አጻጻፍ በላቲን ፊደል ጽፈው ይያዙ። ማዕረጋቸውንም ይጨምሩ፣ አንዳንዱ ዝርዝር ላይ ማዕረጉ ነው የሚቀድመው። ፎቶውን ዋናውን አይያዙ። ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርገው ስልክዎ ላይ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ወረቀት ላይ ይበቃል። ንባብ ክፍል ውስጥ የራስዎን አሮጌ ወረቀት ይዘው ቢገቡ ሲወጡ ማስረዳት ይሆንብዎታል።

ስለ ደሴቲቱ፦ ከቺቪታቬኪያ ማታ የሚነሣው መርከብ ጠዋት ፖርቶ ቶሬስ ያደርስዎታል። አልጋ ያለው ካቢን ከያዙ የአንድ ሌሊት ማረፊያ ተቆጠረልዎት ማለት ነው። በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን አስቀድመው ይዩ። ፖርቶ ቶሬስ ከደረሱ በኋላ ወደ አዚናራ ሌላ አነስተኛ መርከብ አለ፤ የሚያወርደው ካላ ሬያሌ የሚባል ቦታ ነው። ድሮ የመርከብ መንገደኞች በሽታ እንዳያስገቡ የሚቆዩበት ጣቢያ የነበረው እዚያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያና የሃንጋሪ ምርኮኞችን ያጎሩት፣ ብዙዎቹም በኮሌራ ያለቁት በዚሁ ደሴት ነው። የእኛ ሰዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ነጩ ግንብ እዚያ አካባቢ ካሉት አንዱ ሊሆን ይችላል። ወርደው ከፎቶው ጋር ያስተያዩት።

ደሴቲቱ ላይ ማደር የሚቻለው ካላ ዶሊቫ መንደር ባለው ሆስቴል ነው። ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ ግን አይመኩበት። የግል መኪና አይገባም፣ ከካላ ሬያሌ እስከዚያ ርቀት አለው። እኔ ብሆን ፖርቶ ቶሬስ ሁለት ሌሊት እይዝ ነበር፣ በነፃ የሚሰረዝ። ሁለት የምልዎት ማይስትራሌ የሚሉት ነፋስ ሲነሣ መርከቡ ስለሚቀር ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ይዘው ነፋስ ቢመጣ፣ ደሴቲቱን ከወደቡ ላይ አይተው መመለስ ነው። ነፋስ ከሌለ ትርፏን ቀን ሳሳሪ ከተማ ሄደው የመንግሥት መዝገብ ቤቱን ይጠይቁበት፣ ቅርብ ነው።

የለገጣፎዋ

ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም አትሜ ደብተሬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለአክስቴ ልጅ "የምታሳፍሪኝ አንቺ ነሽ" የሚለውን እንዳለ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና "እሺ፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት አትመጪም፤ አርብ ማታ ነው" አለች። ይኸው ድርድር ጀመርን ማለት ነው። ለመነኮሳይቱም የምትጽፍልኝ እሷ ነች። ኦስቲየንሴ አካባቢ ፈልጊልኝ ብያታለሁ፤ ጠረጴዛና አሸንሶሬ ያለው። ፆሙን ሳስብ ማብሰያ ያለው ይሻል ነበር። ግን በሩ ማታ መዘጋቱን ልጄ ስትሰማ ደስ አላት፣ ስለዚህ ነገሩ በዚያ አለቀ። ፆሙ ከደረሰብኝ ዳቦና ቲማቲም እበላለሁ።

ጣፎ አደባባይ፣ አንተን ደግሞ አልተቀየምኩህም። ስመለስ ቡና ጠጣ፤ ካራ ሳትደርስ ቤቴ ነው። አንድ ነገር ቀረኝ። የአክስቴ ልጅ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ይዘሽ ነይ ብላኛለች። ባዶ እጄን አልሄድም መቼም። ይገባል?

ተርሚኒ አካባቢ

ቋንጣውንም ቅቤውንም ይተዉት እትዬ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ፊውሚቺኖ ላይ ሻንጣ ከፍተው ይጥሉብዎታል። እኔ የእናቴ ቅቤ ሲጣል ቆሜ አይቻለሁ። በርበሬና ሽሮ ሲጭኑ በደንብ የታሸገ ይሁን፣ ምን እንደሆነ በላቲን ፊደል ይጻፉበት። ቅቤ ካልቀረላት ተርሚኒ አካባቢ ካሉት ሱቆች እንገዛላታለን።

አርብ ማታ ላዲስፖሊ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ሐሙስ ላይ ሾፔሮ መኖር አለመኖሩን ይዩ። እዚህ አገር የባቡር ሠራተኛ ሥራ ማቆም ሲፈልግ አርብን ይወዳል።